የእሁድ ሳህን

ታላቅ ወንድሜን ሰው ሁሉ «ወፍጮ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ አልክድም። ልጅ ሳለን ያገኘውን ሁሉ ስለሚፈጭ ነው። ስሙ ሠፈሩን አልፎ ሥራ ቦታው ድረስ ተከትሎት ሄደ፤ ፎርማኑ እንኳ በእጅ ሬዲዮው «ወፍጮ፣ ጡቡን አንሳልኝ!» ነው የሚለው። እሱም ቅር አይለው። «ወፍጮ ካልፈጨ ምኑን ወፍጮ ሆነ?» ይልና ዳቦውን ይገምጣል።

ሥራው ክሬን ነው። ሕንፃ በምንሠራበት ግቢ መሐል የተተከለ ረጅም ብረት አለ፤ እሱ ጫፍ ላይ፣ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ ካቢን ውስጥ ተቀምጦ፣ ሁለት አጫጭር እጀታ በጣቱ እየገፋ፣ ሃያ ሰው የማያነሳውን ሲያነሳ ይውላል። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ አንድ ባልዲ ውሃ መስኮት ላይ አስቀምጥ ብትሉት ጠብ ሳያደርግ ያስቀምጣታል። እኔ እዚያው ግቢ የሠራተኞች ክበብ ውስጥ ወጥ ቤት ነኝ። ድስቴን ጥጄ ቀና ስል እሱን አየዋለሁ፤ እኮራበታለሁም። አባታችን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በመዶሻና በመሮ ሲጠርብ፣ በጫንቃው ሲሸከም ኖሮ ነው ያሳደገን። የሱ ልጅ ያንኑ ድንጋይ በጣቱ ሲያነሳ ማየት ቀላል ነገር መስሏችኋል?

ታዲያ የበላውን የት ያድርሰው? ጠዋት መሰላሉን ይወጣል፣ ይቀመጣል። ለምሳ ይወርዳል፣ ይበላል፣ ተመልሶ ይወጣል፣ ይቀመጣል። ቁርሱ ነጭ ዳቦ በሻይ ነው፤ ሻይ ከማለት ግን ስኳር ውስጥ ሻይ ጠብ አለበት ማለት ይቀላል። ካቢኑ ውስጥ ደግሞ ለስላሳ ደርድሮ ይጠጣል፤ ባዶው ጠርሙስ እግሩ ሥር ሲንከባለል ይውላል። «ወንድም ጋሼ፣ ኧረ ይሄ ነገር በዛ» ስለው «አንቺ ደግሞ! ወጥ ቤት ሆነሽ ሰው ሲበላ ትቀኛለሽ?» ይለኛል። ብናገር ብናገር ጆሮ ዳባ ልበስ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ ትልቅ እስር ፌሮ አነሳና አየር ላይ ይዞት ቆመ። ፎርማኑ «ወፍጮ፣ ወደ ግራ! ወደ ግራ እኮ ነው የምልህ!» ይላል፤ መልስ የለም። ብረቱ ከሰው ራስ በላይ ተንጠልጥሏል። እኔ ጩኸቱን ሰምቼ ጭልፋዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። ከቆይታ በኋላ ሬዲዮው ላይ «ዐይኔ ብዥ አለብኝ» የሚል የሰለለ ድምፅ ተሰማ። ደግነቱ እጀታውን ሲለቁት ክሬኑ ባለበት ይቆማል። ሠራተኞቹ ከሥሩ ሸሹ፤ እሱም ትንሽ አረፍ ብሎ ብረቱን እንደምንም አወረደው። መሰላሉን ሲወርድ ግን በየደረጃው እየቆመ ነበር፤ ፊቱ ደም የሚባል የለበትም።

ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ሲስተሯ ጣቱን ወጋ አድርጋ አየችና ፊቷ ተለወጠ። «ስኳር ነው፤ ያውም የቆየ» አለች። ክኒን ሰጠችው፤ ምግብዎን ያስተካክሉ፣ ይንቀሳቀሱ ብላ መከረችው። ፎርማኑ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን በሥራ አይቀልድም። «ስማ ወፍጮ፣ ሦስት ወር እሰጥሃለሁ» አለው። «ስኳርህ ወርዶ፣ ዐይንህ ጠርቶ፣ ሐኪም ይችላል ብሎ ከፈረመልህ ካቢኑ ያንተ ነው። ካልሆነ የበር ጥበቃ ትሆናለህ። እኔ በሰው ራስ ላይ ብረት አላንጠለጥልም።»

የበር ጥበቃ ነውር ሆኖ አይደለም። ወንድሜ ግን ያን ካቢን እንደ ቤቱ ነው የሚያየው። በዚህ ሙያ ከተማው ውስጥ ስሙ የተጠራ ነው፤ ከላይ ሆኖ ያቆማቸውን ሕንፃዎች እሁድ እሁድ ለልጆቹ እየዞረ ያሳያል። እስከዚያው መሬት ላይ ምልክት ሰጪ አደረጉት። የሱን ክሬን ሌላ ሰው ይነዳል፤ እሱ ከታች ሆኖ «ከፍ! ዝቅ!» እያለ እጁን ያወዛውዛል። ለዚያውም አንድ ባዶ በርሜል ፈልጎ ተቀምጦበት ነው። ቤቱን አከራይቶ በረንዳ ላይ የሚያድር ሰው መሰለኝ። አንጀቴን በላው።

በሳምንቱ «መድኃኒቱ ተገኘ!» ብሎ ወጥ ቤት ድረስ መጣ።

«ምን ተገኘ?»

«እኔን የበላኝ የዘመኑ ምግብ ነው። አባባ ስኳር ያውቃል? ደም ግፊት ያውቃል? ለምን መሰለሽ? የአባቶቹን ምግብ ስለሚበላ ነው። እኔም ወደዚያው ልመለስ ነው።»

ነገሩ ሲሰሙት ልብ ውስጥ ይገባል፤ እኔም ልቤ ገባ። የአባታችን ሳህን ዛሬም ድረስ በሁለታችንም ዐይን ላይ አለ። ሰፊ የሸክላ ሳህን ነው። መሐሉ ላይ ሥጋው ተከምሮ፣ ቅቤው ዙሪያውን ቀልጦ፣ ጎኑ ማር የተቀባ ትኩስ ዳቦ፣ ከዚያ አንድ ትልቅ ኩባያ ወተት። አባታችን እጅጌውን ሰብስቦ ይቀመጥና ሲበላ ደስ ይላል! ሲጨርስ ሳህኑን በዳቦ ይጠርገዋል። እኛ ዙሪያውን ተኮልኩለን እናየዋለን፤ አልፎ አልፎ ጉርሻ ይደርሰናል። ያን ሁሉ በልቶ ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ፣ ክንዱ የእንጨት ግንድ የሚያህል ሰው ነበር።

ወንድሜ ሲጀምር ይጀምራል። ለስላሳውንና ነጭ ዳቦውን እርግፍ አድርጎ ተወ፤ ይሄን ምስጋና አልነሳውም። በምትኩ ጠዋት ማር፣ ማታ ማታ ደግሞ ያ ሳህን እንዳለ። ሚስቱ ባሏን የምትወድ ሴት ናት፤ ጠይቆ ያጣው ነገር የለም። ቅቤው በዘመድ በኩል ይመጣል፣ ማሩ በዘመድ በኩል ይመጣል። ቤቱ ሰርግ ቤት መሰለ። ይባስ ብሎ ደግሞ ክኒኑን «አባባ መቼ ክኒን ዋጠ?» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። የኔና የሱ ጠብ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ክኒኑን ዋጥ! ኧረ በሕግ አምላክ!»

«ማር እኮ ንብ ናት የምትሠራው፤ ፋብሪካ አይደለም።»

«ንብም ትሥራው ከሰማይም ይውረድ፣ ስኳሩ ያው ስኳር ነው ብላሃለች ሲስተሯ!»

«ሲስተሯ አባቴን አታውቀውም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሚስቱም ጣልቃ ገብታ «አንቺ ደግሞ አታበሳጪው፣ መበሳጨትም ለስኳር ጥሩ አይደለም አሉ» አለችኝ። በሩን አላትሜ ወጣሁ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ እኔ ግን መከራው የሚያነሳው ዐይኑን እንዳይሆን ፈራሁ።

ሲስተሯ በወሩ እንዲመለስ የቀጠረችው ቀን ሲደርስ አብሬው ሄድኩ። ሚስቱ ራርታ ውጤቱን ትደብቅለታለች ብዬ ስለፈራሁ ነው። እሱ ደረቱን ነፍቶ ገባ። ሲስተሯ ጣቱን ወጋች፣ አየች፣ ማመን አቅቷት እንደገና ወጋች። ስኳሩ ጭራሽ ጨምሯል።

«ምንድነው የሚበሉት?» አለችው።

«የአባቴን ምግብ።»

«አባትዎ ምን ነበር የሚበሉት?»

አንድ በአንድ ነገራት። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ሳትስቅ፣ ሳትቆጣ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ «ይህን በልተው ምን ይሠሩ ነበር?» አለችው።

«ድንጋይ ይጠርብ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ።»

«እርስዎስ?»

ወንድሜ መሬት መሬቱን አየ። «እኔ... እቀመጣለሁ» አለ።

«እንግዲህ እውነቱን ልንገርዎት። በዚህ ከቀጠሉ ካቢኑን ይርሱት፤ የሚፈራው እሱ ብቻም አይደለም፣ ዐይንዎም ሊጠፋ ይችላል። ክኒኑን ዛሬውኑ ይጀምሩ።»

ከጤና ጣቢያው ወጣን። መንገድ ላይ ቆም አለና «ሌላው ሌላው ይክዳኝ፣ የአባቴ ምግብ እንዴት ይከዳኛል?» አለኝ። እኔም እኮ ያንን ሳህን አይቼዋለሁ። ያን የበላው አባታችን ጤነኛ ነበር፤ ታዲያ ምኑ ጋ ነው የተሳሳትነው?

አክስታችን የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። የአባታችን ታናሽ እህት ናቸው። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ አንደበታቸው ግን የዛሬ ነው። እኔ አፌን የወረስኩት ከሳቸው ነው ይባላል። ወንድሜ ታመመ ሲባል ሰምተው ሊጠይቁት መጡ። አመሻሽ ላይ ነው፤ እኔም ላደርሳቸው አብሬ ገብቻለሁ። ወንድሜ ክኒኑን በግድ ጀምሯል፤ ሳህኑን ግን አልለቀቀም። ሚስቱ እንደ ልማዷ አቀረበችለት። አክስታችን ሳህኑን አዩት፤ ወንድሜን አዩት፤ እንደገና ሳህኑን አዩት።

«ዛሬ ቀኑ ማን ነው?» አሉ።

«ማክሰኞ» አልኳቸው። ዕድሜ ነው ብዬ ነበር።

«ማክሰኞ ከሆነ የእሁዱ ሳህን ምን ሊሠራ መጣ?»

ወንድሜ ፈገግ አለ። «አክስቴ፣ የአባባ ሳህን እኮ ነው። አባባ እንዲህ አልነበር እንዴ የሚበላው?»

«እስቲ ልጠይቅህ። ጠዋት ስትነሱ አባታችሁን ቤት ታገኙት ነበር?»

«ኧረ የለም! ጎህ ሳይቀድ ነው የሚወጣው።»

«ማታስ?»

«ማታ... ሲመጣ ተኝተናል።»

«ታዲያ ሲበላ መቼ ነው ያያችሁት?»

ወንድሜ የያዘውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰው። እኔም ቆሜ አሰብኩ። ዞሬ ዞሬ ባስብ አባቴ ሲበላ የማስታውሰው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነው፣ እናቴም አጠገቡ ተቀምጣ ነው፣ መዶሻውም ጥጉ ላይ ተቀምጧል። እሁድ ነው። ሁልጊዜም እሁድ ነው። በቀሩት ስድስት ቀናት ምን እንደሚበላ በሕይወታችን ጠይቀን አናውቅም። አፌን በእጄ ያዝኩ።

«ድንጋይ የሚጠርቡበት ቦታ ድረስ ምሳ የማደርስለት እኔ ነበርኩ» አሉ አክስታችን። «ፉርሽካው ያልወጣለት ደረቅ ዳቦ፣ የተቀቀለ ባቄላ፣ ጎመን ከተገኘ ጎመን፣ አንድ ራስ ሽንኩርት። የሚጠጣው ውሃ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሌላ አልነበረም። እሱንም ምሳ ካልመጣለት ጓደኛው ጋር ተካፍሎ ነው የሚበላው። ቅቤዋ እሁድ እስኪደርስ ተከድና ትቀመጣለች። ማርማ ስትታመሙ ለእናንተ የሚሰጥ ነበር እንጂ ማን ይነካዋል?»

«አባባ ያንን ይወደው ነበር?» አልኳቸው።

«ምኑን ይወደዋል! አጥቶ ነው እንጂ! ቢያገኝማ እሱም በየቀኑ እሁድን ይበላ ነበር። አባታችሁን መልአክ አታድርጉት። ወገቡ በሥራ ተቆርጦ ነው ያረጀው፤ ደረቱም የድንጋይ ብናኝ ሲያስለው ነው የኖረው። እኔ ድህነትን ላወድስላችሁ አልመጣሁም።» ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን ልጄ፣ አንተ የአባትህን ምግብ አልበላህም። የበላኸው የአባትህን እሁድ ነው። ለዚያውም በየቀኑ፣ ያውም ተቀምጠህ።»

ወንድሜ ኩም አለ። ሳህኑን ቀስ አድርጎ ገፋው። የሚከራከር መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ዐይኑ እንባ ሞላ። «እኔ እኮ» አለ፣ «ይሄን ሁሉ ዘመን አባባ ያን ድንጋይ የሚሸከመው ጠግቦ ይመስለኝ ነበር።»

ሚስቱ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዐይኗ ወሰደች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል። አባቴን ያን ያህል እወደዋለሁ እያልኩ ምሳውን እንኳ አላውቀውም ነበር። አክስታችን ግን ልቅሶ ሲበዛ አይወዱም። «በሉ በቃ! ሟች ከሞተ ስንት ዘመኑ። አንተም አልቅሰህ ስታበቃ ክኒንህን ዋጥ!» አሉት። እያለቀሰ ሳቀ፤ ዋጠም።

በማግስቱ ወፍጮ ቤት ሄጄ ስንዴውን ከነፉርሽካው አስፈጨሁ። ወንድሜን ለብቻው በሽተኛ አድርጌ አላበላውም ብዬ ለክበቡ ሁሉ ዳቦውን በሱ ጋገርኩ፤ ባቄላና ጎመን ጨመርኩበት። ግንበኞቹ ተነሱብኝ። «ይሄ ምንድነው? የፈረስ ቀለብ ነው እንዴ?» አለኝ አንዱ።

«ፈረስ ሐኪም ቤት ተሰልፎ አይተህ ታውቃለህ? ዝም ብለህ ብላ!»

ሁለት ሳምንት ሙሉ እያጉረመረሙ በሉ። ከዚያ ጭማሪ መጠየቅ ጀመሩ። እኔም ላመሌ «የፈረሱ ቀለብ አልቋል» እላቸው ነበር። ምግቡ ምኑም ተአምር የለውም፤ ባቄላ ያው ባቄላ ነው። ግን በልተውት ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ አይጥላቸውም፤ ይህን ያየሁት በዐይኔ ነው።

ወንድሜ በበኩሉ በርሜሉን ገፍቶ ጣለው። ምልክት የሚሰጠው ቆሞ ሆነ፤ በኋላማ ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለሰ ነው። ከቤቱም በእግሩ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ምላሱ ጉድ ነበር! «ሰው ሳልሆን ባቄላ ሆኛለሁ» ይላል፤ «እግሬ የኔ አይደለም» ይላል፤ ሻይ ያለ ስኳር ሲጠጣ ፊቱን ያጨማድደዋል። አንዴም ከጀርባው የተደበቀ ለስላሳ ያዝኩበት። «ለፎርማኑ ነው» አለኝ። ድንቄም ለፎርማኑ! ተቀብዬ እዚያው ፊቱ ደፋሁት፤ ቀኑን ሙሉ አኮረፈኝ። ሲስተሯን እሁድ ትንሽ ሥጋ ትከለክለው እንደሆነ ጠየቅናት፤ «ትንሽ ከሆነች ምንም አይል» አለች። ሚስቱ ትንሽ ሳህን ገዛች።

ሦስት ወሩ ሲሞላ ሦስታችንም ሄድን፤ እሱ፣ ሚስቱና እኔ። ሲስተሯ ጣቱን ስትወጋ ወንድሜ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ ሚስቱ ክንዴን ጨምድዳ ይዛኛለች። ሲስተሯ ቀና አለች።

«ወርዷል» አለች። ሚስቱ እልል ልትል አፏን ስትከፍት በእጇ አስቆመቻት። «ድነዋል አላልኩም። ወርዷል ነው ያልኩት። ክኒኑን ካቆሙ፣ ወደዚያ አበላል ከተመለሱ ተመልሶ ይመጣል።»

«ምን ቆርጦኝ!» አለ ወንድሜ። የዐይን ሐኪሙም አየው፤ ሐኪሙ ይችላል ብሎ ፈረመለት። ፎርማኑ ወረቀቱን አነበበ፣ ወንድሜን ከእግር እስከ ራሱ አየው፣ የካቢኑን ሬዲዮ እጁ ላይ አኖረለትና «ውጣ!» አለው። ሌላ አልጨመረም። ወንድሜ መሰላሉን አንድ ጊዜም ሳያርፍ ወጣው። ግቢው በሙሉ ሥራውን አቁሞ ቀና ብሎ ያየው ነበር፤ እኔ ድስቴን ጥጄ ነበር፤ ረሳሁት።

ያን ቀን ጠዋቱን ሙሉ ሠራ። ጡብ አነሳ፣ አሸዋ አነሳ፤ እጁ እንደ ዱሮው ነው። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ፎርማኑ ሻይ ሊጠጣ ክበብ ገብቶ ሬዲዮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል። ድንገት የወንድሜ ድምፅ ወጣ። «እህቴ እዚያ አለች?»

ልቤ ስንጥቅ አለ። ፎርማኑም ሻዩን አስቀመጠ። ሬዲዮውን መንትፌ ያዝኩት።

«ምን ሆንክ? ዐይንህ ነው?»

«አይ፣ ዐይኔ ደህና ነው።»

ሲስተሯ ስኳር ከልክ በላይ ሲወርድ የሚታይ ምልክት ብላ ያስጠናችኝን ሁሉ አወረድኩበት። «ያልብሃል? ያዞርሃል? እጅህ ይንቀጠቀጣል? ንገረኝ!»

«ምንም የለም፣ ተረጋጊ።» ከዚያ ራሱም የገረመው ይመስል ነገረኝ። «ራበኝ።»

እኔ ወንድሜን ዕድሜዬን ሙሉ ሳበላው ነው የኖርኩት። በልቻለሁ፣ ጨምሪልኝ፣ ምን አለ ሲለኝ ነው የማውቀው። ከልጅነታችን ወዲህ ራበኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት ሳይርበው ነበር የሚበላው ማለት ነው።

«ምን ሆነ? ምን አለሽ?» አለኝ ፎርማኑ ከወንበሩ ተነስቶ።

«ራበው!» አልኩት፤ እንባዬ በጉንጬ ላይ ይወርዳል። «ወንድሜ ራበው!»

ሰውዬው ያበድኩ መስሎት አየኝ። እኔ ሬዲዮውን ወደ አፌ አስጠግቼ «ወንድም ጋሼ፣ ምሳህ ደርሷል። መጀመሪያ ያንተን ነው የማወጣው። የያዝከውን በደህና አውርድና ና» አልኩት።